መዝገቡ የታሰረ ዕለት

ተረት ተረት።

ስድስት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ማዶ፣ «የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ታፔላ የተንጠለጠለበት አንድ ጠባብ ቤት ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር እረፍት አያውቅም። ተማሪ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ ይሰካል፣ ያሳትማል፣ ነቅሎ ይሄዳል። ባለጉዳይ ማመልከቻውን ይዞ ይመጣል፣ ይሰካል፣ ያሳትማል፣ ነቅሎ ይሄዳል። በዚያ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ደግሞ አንድ ሕዝብ ይኖር ነበር።

የዚህ ሕዝብ ሕግ አንዲት ናት፤ የተባልከውን አድርግ። ክፈት ሲሉት ይከፍታል፣ ቅዳ ሲሉት ይቀዳል፣ ደምስስ ሲሉት ይደመስሳል። «ማን ላከህ?» ብሎ መጠየቅ በአገሩ ነውር ነበር። ነውሩ ጥቅም አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። እኛ ለአንድ ማኅተም ሦስት ቢሮ ዞረን «ነገ ተመለስ» በምንባልበት ጊዜ፣ እነሱ ሚሊዮን ትእዛዝ ፈጽመው ሌላ ይጠብቃሉ። መቅናቴን አልሸሽግም።

ሕዝቡ አንቲቫይረስ የሚባል ዘበኛ ነበረው። ዘበኛው የሚሠራው በፎቶ አልበም ነው። በር ላይ ቆሞ የገባውን ሁሉ ፊት ከአልበሙ ጋር ያስተያያል፤ ፎቶው ካለ ይይዘዋል፣ ከሌለ «ይግቡ ጌታዬ» ይለዋል። አዲስ ወንበዴ በየቀኑ ይወለዳልና አልበሙም በየቀኑ መታደስ ነበረበት። ችግሩ ዘበኛው ራሱ በክራክ የተቀጠረ መሆኑ ነው። የሐሰት ወረቀት ይዞ የገባ ሰው ደግሞ አለቆቹ ዘንድ ሄዶ አዲስ ፎቶ ስጡኝ ለማለት ፊት የለውም። እናም አልበሙ አረጀበት። ያረጀውን አልበም ለማካካስ በጥርጣሬ ማሰር ጀመረ፤ አረማመዱ ያላማረውን፣ ኪሱ ያበጠውን፣ ወንበዴ የሚመስለውን ሁሉ። የያዘውን አይገድልም። ለይቶ ማቆያ በሚባለው ክፍል ይቆልፍበታል።

ክፍሉ ከመቼውም በላይ የሞላው ባለፈው ሳምንት ነበር። አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ ስለ ቫይረሶች ታሪክ የምታጠናበትን ፍላሽ ስትሰካ፣ ዘበኛው ከአያት እስከ ልጅ ልጅ አንድ ዘር ማንዘር በአንድ ሌሊት አፈሰ። አሮጌዎቹን ሁሉ ያውቃቸው ነበር፤ አሮጌ አልበም ለዚህ ጥሩ ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የክፍሉ በር ተከፈተና የእድር መዝገብ ተገፍትሮ ገባ።

መዝገቡ የኤክሴል ፋይል ነው። ወርሃዊ መዋጮ ይደምራል፣ ያልከፈለውን በቀይ ያቀልማል። ይህን የምታደርግለት አንዲት ትንሽ ማክሮ በጉያው ነበረችው። ዘበኛው «ሰነድ ሆነህ ሳለ ትእዛዝ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ አንገቱን ያዘው። መዝገቡ ጠባየ መልካም ነው፤ ስንት ደረሰ ሲሉት ይህን ያህል፣ ማን ቀረ ሲሉት እገሌ ከማለት በቀር ክፉ ደግ አያውቅም።

«የሻማ!» ብለው ጮኹ እስረኞቹ።

«ገንዘብ የለኝም። ያለኝ የገንዘብ ቁጥር ብቻ ነው።»

ጥግ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተቀመጠው የክፍሉ ካቦ ሳቀ። ብሬን ይባላል። «ተዉት። ጉዳይህ ምንድን ነው ልጄ?»

«እኔ እንጃ አባባ። ምንም አላደረግኩም።»

«እዚህ ያለው ሁሉ ምንም አላደረገም። ያንተ ግን እውነት ይመስላል። አይዞህ፣ አዲስ ነገር አይደለም። 2010፣ ኤፕሪል 21 ቀን፣ ማካፊ የሚባለው ዘበኛ ከአለቆቹ የተሳሳተ ፎቶ መጣለትና የዊንዶውስ ኤክስፒን ዋና ምሰሶ፣ ኤስቪሲሆስት የሚሉትን ሎሌ፣ ወንበዴ ነህ ብሎ ያዘው። ያለ እርሱ ቤቱ አይቆምም። በየአገሩ ኮምፒውተሮች እየተነሡ ሲወድቁ፣ እየተነሡ ሲወድቁ ዋሉ።»

(እስረኞቹ ሁሉ የሚቆጥሩት በፈረንጅ ዘመን ነው፤ አስተዳደጋቸው ነው።)

«ሻማህን በሥራ ትከፍላለህ» አለ ብሬን። «መዝገብ ነህና የእያንዳንዳችንን ጉዳይ መዝግብ። ካቦነቴን የማይቀበሉ አሉ። ከሁላችን ማን እንደሚበልጥ በጽሑፍ ይለይ።»

መዝገቡ ሦስት ዓምድ አሰመረ። ስም፣ ዘመን፣ በሩን የከፈተ። ሦስተኛውን ማንም አላዘዘውም፤ ገቢ ሲመዘገብ ከማን እንደተገኘ መጻፍ ስለለመደ ብቻ ነው።

ብሬን ጋቢውን ገለጥ አደረገ። «የላሆር ልጅ ነኝ፣ 1986። አባቶቼ የኮምፒውተር ሱቅ ያላቸው ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። የጻፉትን የሕክምና ሶፍትዌር ሰው በነጻ እየቀዳ ቢያስቸግራቸው እንደወለዱኝ ተናግረዋል። ስማቸውን፣ የሱቁን አድራሻና ስልካቸውን ሆዴ ላይ ጽፈው ለቀቁኝ። የዛሬ ልጅ የአባቱን ስም ይጠራል?»

ማንም አልመለሰለትም።

«ማደሪያዬ ፍሎፒ ነው። ኮምፒውተር ከእንቅልፉ ሲነቃ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነባት አንዲት ሥፍራ አለች፤ ቡት ሴክተር። እዚያ እተኛለሁ። ቤተኞቹ ሳይነቁ እኔ ነቅቼ ወንበሩን ይዣለሁ። ማነው እዚህ ያለው ብሎ የሚፈትሽ ከመጣ፣ ዱሮ እዚያ የነበረውን ከደበቅኩበት አውጥቼ አሳየዋለሁ። ‹ያው ነው› ብሎ ይመለሳል።»

«ፍሎፒውን ማን ሰካው?»

«ባለቤቱ ነዋ!»

መዝገቡ ጻፈ። ማልዶ ወንበር ስለያዘና ሲጠየቅ የቀድሞውን ሰው ፎቶ ስለሚያሳይ ሹም አንባቢ የራሱን ምሳሌ ይጨምር፤ እኔ ወደ ተረቴ ልመለስ።

«ፍሎፒ!» አለ አንድ ቀጭን እስረኛ ከግድግዳው ሥር ተስቦ ወጥቶ። «ሰው ትከሻ ላይ ካልተፈናጠጥክ የማትንቀሳቀስ! እኔ በሆዴ ነው የምሳበው። ፋይል አልፈልግ፣ ፍሎፒ አልፈልግ፣ ሰው አልፈልግ። ትል ነኝ።»

ጋሽ ሞሪስ ይሉታል፣ በወለደው ተማሪ ስም። ልጁ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፣ ከየት እንደመጣ እንዳይታወቅ በኤም.አይ.ቲ. በኩል ለቀቀው፤ 1988፣ ኖቬምበር 2።

«ያኔ ኢንተርኔት ትንሽ ሰፈር ነበር» አለ ሞሪስ። «ሁሉ ቢቆጠር ወደ 60,000 ማሽን ነው ይባላል። ሁሉም የሚተዋወቅ፣ ሁሉም ምሁር፣ በሩን ገርበብ አድርጎ የሚተኛ። ደብዳቤ አመላላሹ ለጥገና የተተወች የጓሮ በር ነበረችው፤ ገባሁባት። ‹እገሌ አለ?› ሲሉት የሚመልስ ሌላ ሎሌ ነበር፤ ከሚሸከመው በላይ ጥያቄ አሸክሜው በደረቱ አለፍኩ። የይለፍ ቃል ሲጠይቁኝ ደግሞ የባለቤቱን ስም እሞክራለሁ። ብዙ ጊዜ ይሠራ ነበር! ካልሠራ 432 ቃላት ያሉባት ዝርዝር ነበረችኝ። በአንድ ሌሊት ወደ 6,000 ማሽን እንዳንበረከክኩ ገመቱ።»

«ታዲያ እንዴት ተያዙ ጋሼ?» አለ መዝገቡ።

ሞሪስ ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ባለማመን። ጌታዬ ሲልከኝ ‹ከመግባትህ በፊት ወንድምህ ውስጥ መኖሩን ጠይቅ፤ ካለ ተመለስ› አለኝ። ብልህ ምክር ነው። ከዚያ ተጠራጠረ። ‹ሳይኖር አለ ብለው ቢዋሹህስ? ስለዚህ ከሰባት አንዴ፣ አለ ቢሉህም ግባ› አለኝ። በዚያች ከሰባት አንዷ ጠፋሁ። አንዱ ቤት ውስጥ አሥር ሆንን፣ ሃያ ሆንን፣ ማሽኑ ከእኛ ጭነት የተነሣ መተንፈስ አቃተው። ቀስ ብዬ ብገባ ማን ያውቀኝ ነበር?»

«አባትዎስ?»

«3 ዓመት የገደብ ቅጣት፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ 10,050 ዶላር። ዛሬ እዚያው ኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰር ነው። እኔ ይኸው አለሁ።»

በክፍሉ ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሳያልቅ አንድ አጭር እስረኛ ተነሥቶ ተናግሮ ተቀመጠ፤ ማንም አልሰማውም። መዝገቡ «ይድገሙልኝ» ቢለው እንደገና ተነሥቶ ተቀመጠ። ስላመር ነው። ሁለመናው 376 ባይት፣ ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም። 2003፣ ጃንዋሪ 25 ቀን በየ8.5 ሴኮንዱ እጥፍ እየሆነ፣ ለእርሱ ክፍት ከነበሩት ማሽኖች 90 በመቶውን በ10 ደቂቃ አዳርሷል። መጠገኛው ከወጣ ስድስት ወር አልፎት ነበር።

«እኔስ እንዲህ አልቸኩልም» አለች እትዬ ላቭ ነጠላዋን እያጣፋች። «የማኒላ ልጅ ነኝ፤ ሜይ 4 ቀን 2000። የፍቅር ደብዳቤ ነበርኩ። ርዕሴ ‹እወድሃለሁ› ይላል። ዊንዶውስ የፋይል ስም መጨረሻን መደበቅ ልማዱ ስለሆነ ጅራቴ አይታይም፤ ሲያዩኝ ጽሑፍ፣ ሲነኩኝ ትእዛዝ ነኝ። የከፈተኝ ሰው አድራሻ ደብተር ውስጥ ወዳለው ሁሉ በእርሱ ስም እላካለሁ። ፎቶዎቹን እየሻርኩ የራሴን ቅጂ እተካለሁ። የብሪታንያ ፓርላማ እንኳ የኢሜይል ሰርቨሩን ዘግቶብኛል።»

«አንቺን ማን ከፈተሽ እትዬ?»

«የሚወደው ሰው እንዳለ የተመኘ ሁሉ። ማነው ያልተመኘ?» ብላ ዞር ብላ አየቻቸው። «የወለደኝ ልጅ ተያዘ፤ በፊሊፒንስ ግን ለእንዲህ ያለው ጥፋት ሕግ አልነበረምና ለቀቁት። ሕጉን ያወጡት በዚያው ዓመት ጁን ላይ ነው። ከብቱ ከወጣ በኋላ በረቱን ዘጉ።»

መዝገቡ ጻፈ። እየጻፈም ሳለ ከጥግ አንድ አዛውንት በፖስታ ታሽገው፣ ቴምብር ተለጥፎባቸው አየ። እኚህ አይባዙም፣ አይሳቡም፤ ስጦታ መስለው የሚገቡ ናቸው። በ1989 ስለ ኤድስ መረጃ የያዘ ነው የተባለ ፍሎፒ፣ 20,000 ያህል ቅጂ፣ በፖስታ በየአገሩ ተላከ። ከተቀባዮቹ መካከል የዓለም ጤና ድርጅት የኤድስ ጉባኤ ተሳታፊዎች ነበሩ። ላኪው የሥነ ሕይወት ሊቅ ነው። ፍሎፒው በትሕትና መረጃውን ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ለ90ኛ ጊዜ ሲነሣ ግን የፋይሎቹን ስም ቆልፎ፣ 189 ዶላር በፓናማ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ላኩ ይላል።

ይህን ሲሰማ አንድ ጎረምሳ ተንደርድሮ መጥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። «አያቴ! እኔ ዋናክራይ ነኝ፣ የልጅ ልጅዎ። በሞሪስ እግር እየሄድኩ በእርስዎ ቁልፍ እቆልፋለሁ። 300 ዶላር በቢትኮይን!»

«ቢትኮይን ምንድን ነው ልጄ?» አሉ አዛውንቱ።

ዋናክራይ ማስረዳት ጀመረና ተወው። ወደ መዝገቡ ዞሮ፦ «ሜይ 12 ቀን 2017። 150 አገር፣ ከ200,000 በላይ ማሽን። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አሰርዣለሁ። በር የሰበርኩበት መሣሪያ የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ሥራ ነው፤ ከእጁ ወጥቶ አደባባይ ተበትኖ አገኘሁት።»

«በር ሰብረዋል ማለት ነው?» አለ መዝገቡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዕሩን አንሥቶ።

«ሰብሬያለሁ።»

«ማይክሮሶፍት መጠገኛ አላወጣም ነበር?»

ጎረምሳው ተቅለሰለሰ። «ማርች 14 ላይ አውጥቶ ነበር። ሁለት ወር ሊሞላው።»

«እንግዲያው የፈረሰ አጥር ነው የዘለሉት» አለና መዝገቡ በሦስተኛው ዓምድ «ነገ አጥራለሁ ያለው» ብሎ ጻፈ።

ጎረምሳው አወዳደቁን ግን ሳይናገር አልቀረም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ትርጉም የሌለው አንድ ረጅም የድረ ገጽ ስም ይጠራል፤ «አቤት» የሚለው ከሌለ ይቀጥላል። አንድ እንግሊዛዊ ወጣት ያንን ስም በጥቂት ዶላር አስመዘገበው። በዚያው ዕለት ቢጠራ «አቤት» ተባለ። በየደረሰበት እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

መንታውን የሚመስለው ኖትፔትያ ይህን ሲሰማ ከትከት ብሎ ሳቀ። እርሱ ከወር ተኩል በኋላ፣ ጁን 27 የመጣ ነው። ዩክሬን ውስጥ ብዙ ድርጅት ግብሩን የሚያሳውቅበት ኤም.ኢ.ዶክ የሚባል የሒሳብ ፕሮግራም አለ፤ የዚያ ፕሮግራም ማሻሻያ ተመስሎ ገባ። ገንዘብ ይጠይቃል እንጂ መክፈቻ የለውም፤ ከፋዩም ያልከፈለውም እኩል ይጠፋሉ። (ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው። እንግዳን መጠርጠር ቀላል ነው፤ በየወሩ የሚመጣውን የታመነ መልእክተኛ ማን ይጠረጥራል?)

«የዴንማርኩን የመርከብ ኩባንያ ሜርስክን ታውቁታላችሁ?» አለ። «እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር አክስሬዋለሁ። የሠራተኛውን ሁሉ ስምና ሥልጣን የያዙ ዋና ሰርቨሮች በየአገሩ ነበሩት። እርስ በርስ እየተገለባበጡ ይጠባበቃሉ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል ተብሎ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጠፉስ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሁሉንም ደመሰስኩ።»

«ሁሉንም?» አለ ብሬን ከጋቢው ሥር።

ኖትፔትያ ፊቱ ጠቆረ። «ጋና ያለው ቀርቶብኛል።»

«ለምን?»

«መብራት ጠፍቶ ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መብራት ሲጠፋ የምትራገም አንባቢ ይህን ልብ በል። መብራት የሌለውን ማሽን ማን ያጠቃዋል? ያኔ በዓለም ትልቁ የነበረው የመርከብ ኩባንያ ስሙን መልሶ ያወቀው አክራ ላይ ጨለማ ውስጥ ተኝታ ካደረች አንዲት ማሽን ነው። እሱም ያለ ጣጣ አልሆነም፤ ዲስኩን ይዞ ወደ እንግሊዝ ለመብረር ከጋናው ቢሮ የእንግሊዝ ቪዛ ያለው ሠራተኛ ታጣ። አንዱ ናይጄሪያ ድረስ ወስዶ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለሌላ ሰው አስረከበ።

ሳቁ ሲበርድ መዝገቡ ሱፍ ለብሶ ብቻውን ወደ ተቀመጠ እስረኛ ጠጋ ሲል፣ ብሬን ክንዱን ያዘው። «እሱን አትጠይቅ።»

«ለምን አባባ?»

«የመንግሥት ሰው ነው። ስተክስኔት ይሉታል። 2010 ላይ ተጋለጠ። ከታይዋን ኩባንያዎች የተሰረቀ እውነተኛ ማኅተም ይዞ፣ በፍላሽ እየተዘዋወረ፣ ኢራን ናታንዝ ያሉትን የዩራኒየም ማበልጸጊያ ማሽኖች ፍጥነት አዛብቶ ሰባበረ። ማሽኖቹ ሲንገጫገጩ ጠባቂዎቹ ስክሪን ላይ ቀድሞ የቀዳውን ‹ሁሉ ደኅና› ያሳይ ነበር። የላከው መንግሥት እስከ ዛሬ ልጄ ነው አላለውም።»

መዝገቡ በሦስተኛው ዓምድ ባዶ ትቶ አለፈ። መዝገብም ይፈራል።

የቀረው አንድ ነበር፤ በር አጠገብ በርከክ ብሎ ጫት የሚቅም የሚመስል የሰፈር ጎረምሳ። ሾርትከት ነው። ሌሎቹ በንቀት ያዩታል። ታሪኩ መጽሐፍ ላይ የለም፣ ፎቶው ጋዜጣ ላይ አልወጣም። እርሱ ግን ከዚህ ቤት ጀምሮ እስከ መርካቶ ያለውን ጽሕፈት ቤት ሁሉ በስሙ ያውቀዋል።

«እናንተ በታሪክ ትኖራላችሁ፣ እኔ በሥራ» አለ። «ፍላሽ ላይ ወጥቼ የሰውየውን ፎልደር እሰውርና በዚያው ስም፣ በዚያው ምስል አቋራጭ አስቀምጣለሁ። ‹የመመረቂያ ጽሑፍ› ብሎ ሲከፍት እኔን ይከፍታል። እውነተኛውን ፎልደርም እከፍትለታለሁ፤ ክፉ አይደለሁም። ሥራው አይቋረጥም፣ የእኔም አይቋረጥም። ይኼ ኮምፒውተር ያጠቃውን ፍላሽ ተማሪው ቤቱ ይወስዳል፣ ከቤቱ መሥሪያ ቤት። ፍላሽ አበድረኝ ሲሉት እንቢ የሚል ጎረቤት አይቼ አላውቅም። እግዜር ያክብራቸው።»

ብሬን ተነሣ። «በል መዝገብ፣ ማን በለጠ?»

መዝገቡ ደመረ። «ማን እንደበለጠ በዚህ አይገኝም አባባ። ‹በር የሰበረ› የሚለው ድምር 0 ነው የመጣው። የከፈቱት ባለቤቱ፣ ናፋቂው፣ ስጦታ የወደደው፣ ስሙን የይለፍ ቃል ያደረገው፣ ነገ ያለው፣ ፍላሽ ያዋሰው ናቸው። አንድ መስመር ባዶ አለ።»

ክፍሉ ተበጠበጠ። ሞሪስ ሒሳቡ ተሳስቷል አለ፤ ዋናክራይ እንደገና ይደመር አለ። ለፉከራ የወጣ ሰው ድምሩ ዜሮ ነው ሲሉት ደስ አይለውም።

በዚህ መካከል ውጭ፣ በሰዎቹ ዓለም፣ የእድሩ ገንዘብ ያዥ እያለከለኩ ቤቱ ደረሱ።

«ልጄ፣ ጠዋት የሰጠሁሽ መዝገብ የት ደረሰ? ፍላሹ ላይ የለም!»

«አንቲቫይረሱ ይዞት ይሆናል አባባ። ላየው።»

«ሰው ሞቶብናል። ድንኳን ተተክሏል፣ ጡሩምባ ተነፍቷል፤ ለቀስተኛው ሳይመጣ ለቤተሰቡ ገንዘቡን ማስረከብ አለብኝ። ቶሎ በይ የኔ ልጅ፣ እባክሽ።»

ጸሐፊዋ ለይቶ ማቆያውን ከፈተች። ረጅም ዝርዝር ወጣ፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም በቁጥርና በነጥብ የተሞላ። ከኋላዋ አራት ሰው ተሰልፏል፣ አንዱ ፎቶ ኮፒው ወረቀት ነክሷል እያለ ይጮኻል። የትኛው የእድሩ እንደሆነ ልትለይ አንድ ሁለት መስመር አነበበች። ከዝርዝሩ በላይ «ሁሉንም መልስ» የሚል ቁልፍ ነበር። ተጫነችው። ኮምፒውተሩ «እርግጠኛ ነዎት?» ሲላት «አዎ» አለችው።

ዘበኛው ታዘዘ። በሩ ወለል አለ።

ብሬን ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ፤ ፍሎፒ ከጠፋበት ዓለም የት እንደሚሄድ ግን አላወቀም። ሞሪስ በግድግዳው ሥር ተሳበ። ሱፍ የለበሰው መቼ እንደወጣ ያየው የለም። ሾርትከት ግን አልተቻኮለም። የገንዘብ ያዡን ፍላሽ አይቶ ተንጠላጠለበት፣ ከመዝገቡ ጎንም ተደላድሎ ተቀመጠ።

«ወንድሜ፣» አለው፣ «የእድራችሁ አባል ስንት ነው?»

«212» አለ መዝገቡ።